ሲከፋን ለምን እንበላለን? ሕክምናውስ ከየት ይጀምራል?



በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ትንሽ ተንኮል ያለበት ሙከራ አሳተሙ። (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አስቀድመው ተሳታፊዎቹን “ሲከፋችሁ ምን ስትበሉ ይሻላችኋል?” ብለው ጠየቋቸው። ከዚያ የሚያሳዝኑ፣ የሚያናድዱና የሚያስፈሩ የፊልም ቁራጮችን አሳዩአቸው። ፊልሙ እንዳለቀ አንዳንዴ ያንኑ “ያጽናናኛል” ያሉትን ምግብ አቀረቡላቸው፤ አንዳንዴ የሚወዱትን ግን ለመጽናኛ የማይፈልጉትን፤ አንዳንዴ ተራ የእህል ብስኩት። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይሰጧቸው ዝም ብለው አስቀመጧቸው።

ሁሉም እኩል ተሻላቸው። ምንም ያልቀመሱትም ጭምር። መከፋቱ ለካስ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ጊዜ ሊለቅ ኖሯል፤ ቸኮሌቱ ግን በአጠገቡ በመገኘቱ ብቻ ምስጋናውን ወሰደ።

እርግጥ የላቦራቶሪ ሐዘንና የቤት ሐዘን አንድ አይደሉም። ከሥራ የተባረረ ወይም ትዳሩ የፈረሰ ሰው መከፋት በአንድ ፊልም አይለካም። ቢሆንም ሙከራው ዛሬ ለመጣንበት ጉዳይ ጥሩ በር ይከፍትልናል። ብዙ ሰው “እኔ በስሜት የምበላ ነኝ” ይላል። ስሜቱ ይመጣል፣ እጅ ወደ ምግብ ይሄዳል፣ አለቀ። በዚህ አነጋገር ውስጥ አንድ የጎደለ ነገር አለ። የሥነ ልቦና ሕክምናው የሚጀምረውም ከዚያ ከጎደለው ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላጥራ። ስሜትና ምግብ በተገናኙ ቁጥር በሽታ አለ ማለት አይደለም። ሠርግ ላይ ከወትሮው አብልጠን እንበላለን። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ይቀርባል፤ ያዘነ ሰው አልበላም ሲል “ለኔ ስትዪ” እየተባለ በጉርሻ ይለመናል። ፈተና የደረሰበት ተማሪ ቆሎ ሲቆረጥም ቢያመሽ የሚታከምለት ነገር የለውም። በሌላው ጫፍ ደግሞ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ የመዘገበው አለ። በዚህ ሕመም ሰውየው በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ሰው ከሚበላው እጅግ የበዛ ይበላል፤ እየበላም ማቆም ያቅተዋል። ይህ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ወር ይደጋገማል። ከእፍረት የተነሣ ተደብቆ ይበላል፤ በኋላም ራሱን ይጠየፋል። በዚህ ንግግር “ከቁጥጥር ውጭ መብላት” የምለው ይህንን ነው። በሁለቱ ጫፎች መካከል ብዙ ሰው አለ። ሕክምናዎቹ በአብዛኛው የተፈተኑት በታመሙት ላይ ስለሆነ፣ ስለ መካከለኞቹ ስናገር በጥንቃቄ ስሙኝ።

በዚህ ነገር ላይ ቀደም ብለው ከጻፉት አንዷ ሂልደ ብሩኽ ናት፤ ጀርመን ተወልዳ አሜሪካ የሠራች የሥነ አእምሮ ሐኪም። በ1973 ባሳተመችው ታላቅ መጽሐፏ ያቀረበችው ሐሳብ ቀላል ነው። ሕፃን በራበው ጊዜ ያለቅሳል፤ ሲበርደው፣ ሲፈራ፣ ሲሰለቸውም ያለቅሳል። ለሁሉም ለቅሶ መልሱ ምግብ ከሆነ፣ ልጁ ረሃብን ከሌላው ጭንቀት ለይቶ ማወቅ ሳይማር ያድጋል። ሐሳቡ ዛሬም ጥቅም አለው፤ “አሁን የተሰማኝ ረሃብ ነው ወይስ ሌላ?” የሚለው ጥያቄ የብዙ ሕክምናዎች አካል ሆኗል። ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ እናት ላይ መጣሉ ፍትሐዊ አልነበረም፤ ማስረጃውም ያን ያህል አይሸከምም።

ሌላው መንገድ የተከፈተው በ1975፣ ሄርማንና ማክ በተባሉ ተመራማሪዎች ነው። ሴት ተማሪዎችን “የጣዕም ጥናት ነው” ብለው ጠሯቸው። ለአንዳንዶቹ አስቀድመው ሚልክሼክ አጠጧቸው፣ ለሌሎቹ አልሰጡም። ከዚያ “ጣዕሙን ንገሩን፣ የፈለጋችሁትን ያህል ቅመሱ” ብለው አይስክሬም አቀረቡ። ክብደት ለመቀነስ የማይጨነቁት ተማሪዎች ሚልክሼክ ከጠጡ በኋላ ያነሰ አይስክሬም በሉ፤ ሆዳቸው ሞልቷላ። ሁልጊዜ አመጋገባቸውን የሚቆጥቡት ግን ሚልክሼኩን ከጠጡ በኋላ የባሰ በሉ። ለራሳቸው ያወጡት ሕግ አንዴ ከፈረሰ “እንግዲህ ዛሬ ተበላሽቷል” አሉ። ሕጉ ባይኖር ኖሮ የሚፈርስ ነገር አይኖርም ነበር።

ይህ ግኝት ከስሜት ጋር የተገናኘበት ቦታ ነው ለዛሬ የሚያስፈልገን። ኤቨርስና ባልደረቦቿ በ2018 ብዙ ሙከራዎችን አንድ ላይ ሰብስበው መረመሩ። ጥያቄያቸው በመጥፎ ስሜት ጊዜ ማን አብዝቶ ይበላል የሚል ነበር። “እኔ በስሜት የምበላ ነኝ” ብለው መጠይቅ የሞሉት ሰዎች በላቦራቶሪ ሲታዩ በግልጽ አብዝተው አልበሉም። አብዝተው የበሉት ቀድሞውኑ ራሳቸውን ከምግብ የሚከለክሉት ናቸው። ተከራካሪ አልጠፋም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ እየታየ የሚበላ ሰው ቤቱ እንደሚበላው አይበላም የሚሉ አሉ፣ እውነትም አላቸው። እኔ ግን በሥራዬ ካየሁት ጋር ስለሚገጥም ውጤቱን በቁም ነገር እወስደዋለሁ። መከፋት ብቻውን ያን ያህል ጉልበት የለውም። ጉልበት የሚያገኘው ቀኑን ሙሉ ሲከለከል የዋለ ሰው ላይ ሲወድቅ ነው።

ሰውነት ሲከለከል ምን እንደሚሆን ለማየት በ1944 መገባደጃ ወደ ተጀመረው የአንሰል ኪስ ጥናት እንሂድ፤ እሱም በአጋጣሚ ሚኒሶታ ነው። ጦርነት አንዋጋም ያሉ 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት በግማሽ ረሃብ ኖሩ። ዓላማው ከጦርነቱ በኋላ የተራቡ ሕዝቦችን እንዴት መመገብ እንደሚገባ ማወቅ ነበር። ወጣቶቹ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማንበብና መሰብሰብ ጀመሩ፤ ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ ተነጫነጩ፣ ከሰው ራቁ፣ ድባቴ ያዛቸው። አንዳንዶቹ ገደቡ ከተነሣ በኋላም ለብዙ ሳምንታት ጠግበው እንኳ አልጠገቡም። ከሙከራው በፊት አንዳቸውም የአመጋገብ ችግር አልነበረባቸውም። ረሃቡ ራሱ ነው የፈጠረው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ “ታዲያ ጾምስ?” በጥናቶቹ ውስጥ የተገለጸው ገደብ ሰው ለብቻው፣ ክብደቱን ጠልቶ፣ ማብቂያ ሳይኖረው የሚያወጣው ሕግ ነው። ሁዳዴም ሆነ ረመዳን የጋራ ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ፋሲካና ዒድ ይከተሉታል፤ የሚጾመውም ለመክሳት አይደለም። ስለዚህ የአንዱን ውጤት በሌላው ላይ አልለጥፍም። ግን ጾሙን ለክብደት መቀነሻ መሸፈኛ ያደረገ ሰው ገጥሞኛል። በሕክምናው ወራት የሚመጣ ጾም ካለ ጉዳዩ ከንስሐ አባት ወይም ከሃይማኖት አስተማሪ ጋር መነጋገር ይገባዋል፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መላ አላቸው።

አሁን ወደ ሕክምናው።

አንዲት ሴት እናስብ። ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሥራ የምትተዳደር። ጠዋት ማኪያቶ ብቻ ጠጥታ ትወጣለች። ምሳ ላይ ጓደኞቿ ፊት ሰላጣ ታዛለች። ማታ የታክሲ ሰልፍ ጠብቃ ቤት ትገባለች፤ የልጆች የቤት ሥራ፣ እራት ማቅረብ፤ ራሷ ትንሽ ትቀምሳለች። አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ሲተኛ ወጥ ቤት ትገባና ቆማ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ የተረፈ ፍርፍር፣ የልጆቹን ብስኩት ትበላለች። ማሸጊያውን ከቆሻሻው ሥር ትደብቀዋለች። እያለቀሰች ትተኛለች። ለባለሙያ ስትነግር “ጭንቀት ነው የሚያስበላኝ” ትላለች።

ለዚህች ሴት እኔ መጀመሪያ የምመርጠው ሕክምና የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና፣ በተለምዶ ሲቢቲ የሚባለው ነው። ለአመጋገብ መታወክ የሚውለውን ዓይነት የቀረጸው የኦክስፎርዱ ክሪስቶፈር ፌርበርን ነው፤ የመጀመሪያ ጽሑፉን ያወጣው በ1981 ነው። የመጀመሪያው ሥራ መጻፍ ነው። ካሎሪ አትቆጥርም። የበላችውን፣ የጠጣችውን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ በዙሪያው ምን እንደነበረ ወዲያው እዚያው ትጽፋለች፤ “በዝቷል” ካለችው ምግብ አጠገብ ኮከብ ታደርጋለች። ማታ ላይ አስታውሶ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ እፍረት ትውስታን ያጠፋል። ከትሪ አብሮ ለሚበላ ሰው መጠኑን መጻፍ ያስቸግራል፤ “ከሁሉም ጋር፣ ከአንድ እንጀራ ትንሽ ያነሰ” ተብሎ ቢጻፍ በቂ ነው።

የሴትዮዋ መዝገብ አንድ መስመር ይህን ሊመስል ይችላል፦ “4፡20 ማታ፣ ወጥ ቤት፣ ቆሜ። ሦስት ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ግማሽ ፓኬት ብስኩት። ኮከብ። እህቴ ደውላ ስለ እማማ ሕክምና ገንዘብ ተነጋግረን ተጣላን። ነገ ቁርስ የለም።”

ማንም አንባቢ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ጠቡ ነው። ባለሙያው የሚያየው የመጨረሻዎቹን ቃላት ነው። ነገ ቁርስ የለም። ስለዚህ ነገም ማታ የምትመጣው ተርባ ነው፤ ነገ የሚደውለው እህቷ ባይሆን አለቃዋ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ሰውን የሚያስደነግጠው ነው፦ ብዪ ትባላለች። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ፤ በሁለት መብያ መካከል ከአራት ሰዓት ያህል የበለጠ ክፍተት አይኖርም። ምን ትብላ የሚለው በዚህ ደረጃ አያሳስብም፤ መቼ የሚለው ነው ሥራው። ቢርባትም ባይርባትም ሰዓቱ ሲደርስ ትበላለች፤ ምክንያቱም የረሃብና የጥጋብ ምልክቷ ተዛብቷል፣ ለጊዜው ሊታመን አይችልም። “ልወፍር ነው!” ትላለች፤ ሁሉም ይላል። ብዙውን ጊዜ አይሆንም፤ የሌሊቱ መብላት ሲቀንስ ያኛው ከዚህኛው ይካካሳል። ይህን በቃል ማሳመን አይቻልም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በተወሰነ ቀን ተመዝና ራሷ ታየዋለች። በየቀኑ ሚዛን ላይ መውጣት የተከለከለ ነው፤ ውሃና ጨው የሚያመጡትን መወዛወዝ ሰው እንደ ፍርድ ያነበዋልና።

ሕክምናውን ከምግብ መጀመሩ “ስሜቴን ረሳችሁት” ያሰኛል። አልረሳነውም፤ እየጠበቅነው ነው። ጥቂት ሳምንታት በሥርዓት ከበላች በኋላ አብዛኛው የማታ መብላት በራሱ ይረግፋል። የሚተርፈው ያኔ በግልጽ ይታያል፤ እህቷ የደወለችበት ማታ፣ ባሏ ዝም ያለበት ማታ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ትማራለች። አንደኛው የሚፈታውን ችግር መፍታት ነው፤ የገንዘቡን ጉዳይ በማታ ስልክ ከመጨቃጨቅ ቅዳሜ እህትና ወንድም ተሰብስበው ቢነጋገሩበት? ሁለተኛው ለማይፈታው ነው። በሱስ ሕክምና ዕውቅና ያተረፈው አለን ማርላት እንዳስተማረው፣ ብርቱ ፍላጎት እንደ ማዕበል ወጥቶ ይወርዳል፤ ካልተከተሉት ሳይደፍቅ ያልፋል። ስለዚህ ለነዚያ ደቂቃዎች እጅን የሚይዝ ነገር አስቀድማ ትጽፋለች፦ ገላ መታጠብ፣ ለጓደኛ መደወል፣ ደጅ ወጥቶ መመለስ። “ራስሽን ተቆጣጠሪ” የሚል በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

መጨረሻ ላይ የተከለከሉት ምግቦች ተመልሰው ይገባሉ። ለስምንት ዓመት “ኬክ አልነካም” ያለች ሴት አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ከሰው ጋር፣ ቁጭ ብላ አንድ ቁራጭ ትበላለች። ለአንዳንድ ሰው ከሕክምናው ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው።

አንዳንዶች ግን በሥርዓት ቢበሉም ስሜታቸው ያጥለቀልቃቸዋል፤ ቁጣቸው ድንገተኛ ነው፣ ሐዘናቸው ወለል የለውም። ለነሱ ማርሻ ሊነሃን ራሳቸውን ለሚጎዱ ሰዎች የቀረጸችው ዲቢቲ የተባለው ሕክምና ተስማምቶ ተዘጋጅቷል። ስሜትን በስሙ መጥራት፣ ሳያባብሱ መቋቋም፣ የመብላቱን ክፉ ሰዓት ከመነሻው እስከ መጨረሻው ደረጃ በደረጃ መተረክ ይሠለጥናሉ። በ2001 በ44 ሴቶች ላይ የታተመው ጥናት ውጤት ያስገርም ነበር፤ በሕክምናው መጨረሻ ከቁጥጥር ውጭ መብላቱ የቆመላቸው 89 በመቶ ነበሩ፣ ተራ ከሚጠብቁት ግን 12.5 በመቶ ብቻ። ከስድስት ወር በኋላ ያ 89 ወደ 56 ወርዷል።

በ2010 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያስተምረኛል። 101 ሰዎች ነበሩ፤ ግማሾቹ ዲቢቲ፣ ግማሾቹ ያለ ልዩ ቴክኒክ እየተደማመጡ የሚረዳዱበት የቡድን ምክር አገኙ። በመጨረሻው ቀን ዲቢቲ በግልጽ በለጠ፤ 64 በመቶ ለ36። ከዓመት በኋላ ግን 64 ለ56 ሆኑ፤ ልዩነቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። ከዲቢቲው 4 በመቶ ብቻ ሲያቋርጡ፣ ከምክሩ ቡድን ሲሶው ጥሎ ሄዷል። ልዩ ክህሎቱ የሚያፋጥንና ሰውን የሚያቆይ ይመስላል። የረጅም ጊዜውን ሥራ ግን በጥሞና መደመጥም ብዙውን ሳይሠራው አይቀርም።

ለዚህ ጥርጣሬዬ ሌላ ምስክር አለኝ። ለድባቴ የተፈጠረው በሰው ለሰው ግንኙነት ላይ የሚያተኩረው ሕክምና ወደ አመጋገብ መታወክ የገባው በማነጻጸሪያነት ነበር፤ ኦክስፎርዶች የራሳቸውን ሲቢቲ ሊፈትኑበት። ትኩረቱ ምግብ አይደለም። የሞተ ወዳጅ፣ የተበላሸ ትዳር፣ አዲስ አገር፣ ብቸኝነት፣ በዋናነት ስለነዚህ ነው የሚወራው። መጀመሪያ ላይ ወደኋላ ቢቀርም ከዓመት በኋላ ከሲቢቲው ጋር ተስተካከለ። በ2010 በ205 ሰዎች ላይ በተደረገ ሰፊ ጥናትም ይኸው ሕክምናና በመጽሐፍ የሚመራው አጭር ሲቢቲ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታዩ ከተለመደው የክብደት መቀነሻ ፕሮግራም በልጠዋል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ሁለት ሥራ ሠርቶ ሌሊት ባዶ ቤት ለሚገባ ወገናችን እኔ መጀመሪያ የማስበው ይህን በግንኙነት ላይ የሚያተኩረውን ሕክምና ነው።

በአስተውሎት መብላት የሚባለውም አለ፤ ጂን ክሪስተለር ያዘጋጀችው። አንድ ዘቢብ ይዞ፣ አይቶ፣ አሽትቶ፣ ቀስ ብሎ ማላመጥ። ደስ ይላል፤ ችኩል በላተኛን ይጠቅማል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ያልበላን ሰው ዘቢብ አስይዞ “አስተውል” ማለት ትንሽ ጭካኔ ነው።

ክብደትስ? የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ በ2017 በግልጽ ጽፎታል፦ እነዚህ ሕክምናዎች በክብደት ላይ ያላቸው ውጤት ውስን ነው፣ ይህም ለታካሚው አስቀድሞ ይነገረው። ሰው ሊከሳ መጥቶ ሳይከሳ ድኖ ሊሄድ ይችላል። አሁን በየቦታው የሚወራላቸው የክብደት መቀነሻ መርፌዎች ረሃብን ያበርዳሉ፤ ገንዘብ የጠየቀች እህትን ግን አያስታርቁም። መርፌውንና የሥነ ልቦና ሕክምናውን በሐኪም ምክር አንድ ላይ መያዝ ለሚያስፈልገው ሰው አልቃወምም።

ይኸው መመሪያ መጀመሪያ እንዲሰጥ ያዘዘው በጣም ርካሹን ነው፤ በሲቢቲ ላይ የተመሠረተ የራስ መርጃ መጽሐፍ፣ ከዚያ ጋር በ16 ሳምንት ውስጥ ከ4 እስከ 9 አጭር ቀጠሮ፣ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ። አጋዡ ትልቅ ስፔሻሊስት መሆን አይጠበቅበትም። የሥነ ልቦና ባለሙያ በጥቂት ከተሞች ብቻ በሚገኝበት አገራችን፣ የሠለጠነች ነርስ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ በተዘጋጀ መጽሐፍ ልትሠራው የምትችለው ነው። ገደቡንም ልናገር። ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህት የምትበላበትን ሰዓት የሚወስነው ሌላ ሰው ነው፤ “በየአራት ሰዓቱ ብዪ” ቢሏት ቀልድ ነው የሚሆንባት። ለሷ ክፍሏ ውስጥ የምታስቀምጠው ቴምርና ኦቾሎኒ ከብዙ ምክር ይሻላል።

ለቤተሰብ አንድ ነገር። “ወፈርሽ”ን ከሰላምታ አውጡት። ማሸጊያ ቆጥራችሁ አትጠይቁ። እራት ሲቀርብ አብራችሁ ተቀመጡ፤ ይበቃል።

በልቶ የሚያስመልስ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚወስድ፣ የስኳር ሕመም ኖሮበት ኢንሱሊን የሚዘል ወይም መሞትን የሚያስብ ሰው ግን መጽሐፍ አይጠብቅ፤ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሌሎቻችሁ ወደ ባለሙያ ስትሄዱ የአንድ ሳምንት መዝገብ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለማሳመር አመጋገባችሁን ሳትቀይሩ። ባለሙያው ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ የማይበሉ ምግቦች ዝርዝር ካስጨበጣችሁ “ለምን?” ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱ ካላረካችሁ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።